አምስተርዳም ደርሼ ብመጣም ፈሪ ነኝ

ልጄ «ትምህርት ቤት በብስክሌት ልሂድ» ካለችኝ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሰላም አልነበረውም። የምንኖረው አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ነው። ከአፓርታማችን እስከ ሃይስኩሏ ያለው መንገድ ሰፊ አስፋልት ነው፤ ፒክአፕ መኪናው ሁሉ ሰው እንደሌለበት ሜዳ ይጋልብበታል። ባስ ስጠብቅ ዳር ቆሜ እንኳ ንፋሱ ሻሼን ሊወስደው ይደርሳል። «አይሆንም» አልኳት።

«ማሚ፣ አንቺ እኮ የማትፈሪው ነገር የለም» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

እውነቷን ነው። ኤስካሌተር እፈራለሁ። በረዶ ሲጥል ከቤት መውጣት እፈራለሁ፤ ሃይዌይ ላይማ ነድቼም አላውቅ። ታላላቆቿንም ያሳደግኩት እየፈራሁ ነው፤ አድገዋል።

በሰመር ትምህርት ሲዘጋ አምስተርዳም ያለችው ታናሽ እህቴ ጠራችንና እኔና ልጄ ለቬኬሽን ሄድን። እንዲህ ያለ ከተማ አይቼ አላውቅም። ብስክሌቱ ቀፎው እንደተነካ ንብ ነው። ሱፍ የለበሰው፣ እርጉዟ፣ ሽማግሌው፣ አንዱን ሕፃን ከፊት ሌላውን ከኋላ የጫነችው፣ ሁሉም ብስክሌት ላይ ነው። ጭንቅላቱ ላይ ሄልሜት ያደረገ ብፈልግ አጣሁ።

ገና በመጀመሪያው ቀን ከእህቴ ጋር በእግር ስንሄድ አንዲት የምታውቃት ያገራችን ሴት አገኘችን። «ታላቄ ናት፣ ከአሜሪካ» ብላ አስተዋወቀችን። ሰላምታ ደግሞ አይቆረጥም። ተሳሳምን፣ ደግመን ተሳሳምን፤ ቤተሰብ ተጠያየቅን። ሴትዮዋ እናቷ በቅርብ እንዳረፉባት ስትነግረኝ እጇን ይዤ ማጽናናት ጀመርኩ። ለካ የቆምኩበት ቀይ አስፋልት የብስክሌት መንገድ ኖሯል! እኔ ያማረ የእግረኛ መንገድ መስሎኛል። ከኋላዬ ደወሉ ይንጫጫል፤ አንዱ በቋንቋው ጮኸብኝ፣ ሌላው ትከሻዬን ታክኮኝ አለፈ።

«እትዬ፣ ውጪ ከዚያ! ትሞቻለሽ!» አለች እህቴ።

«ቆይ እንጂ፣ ሴትዮዋ ሐዘኗን ትጨርስ!»

እህቴ እየሳቀች ጎትታ አወጣችኝ። ማታ ራት ላይ ለባሏም ለልጆቿም ነገረቻቸውና ሁሉም ሳቁብኝ። የኔዋ ከሁሉም ባሰች።

በማግስቱ የእህቴ ልጆች ወደ አንድ ትልቅ ፓርክ በብስክሌት ሊሄዱ ተነሡ፤ ለልጄም ተውሰውላታል። «አትሄድም» አልኩ።

«እትዬ፣ ልቀቂያት» አለች እህቴ። «ፈሪ ለእናቱ ነው ይባላል፤ አንቺ ግን እናት ሆነሽ ነው የምትፈሪው!»

«ለእናቱ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው? ዓይኔ ሳያያት አትሄድም አልኩ።»

«እንግዲያው ብስክሌቴ ላይ ከኋላዬ ተቀመጪና እያየሻት ሂጂ።»

የቀለደች መስሏታል። ቀሚሴን ሰብስቤ፣ በቅሎ ላይ እንደሚቀመጡት በጎን ተፈናጠጥኩ። የእህቴን ወገብ አንቄ ያዝኩ። «አንጀቴን አወጣሽው!» እያለች ትጮሃለች። እኔ በሆዴ ድንግልን እየጠራሁ ዓይኔን ከልጄ ጀርባ ላይ አልነቀልኩም። ሳላስበው ሌላም ነገር አየሁ። መንገዳቸው ከመኪናው በድንጋይ ተከልሏል። በሚገናኙበት ቦታ ልጄ ስትመጣ መኪናው ቀድሞ ይቆማል። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና እንኳ ቆሞ አሳለፋት። እዚያ አገር ፈሪው ባለመኪናው ነው።

ፓርኩ ስንደርስ ልጄ እየሮጠች መጣች። «አየሽ ማሚ? አሁን መፍራት ተውሽ!»

«ማን ነገረሽ? ስንመለስም ከኋላሽ ነኝ።»

ኦሮራ ስንመለስ ያው ጭቅጭቅ። እሷ «አይተሻል እኮ» ትላለች፤ እኔ ስላየሁ ነው ይበልጥ የከለከልኳት። «እዚያ መንገድ አለው። እዚህም እንደዚያ ይሥሩና ያን ጊዜ ሂጂ» አልኳት።

«ለምን ለኔ ትነግሪኛለሽ? ለእነሱ ንገሪያቸዋ!» ብላ በሩን ዘጋችብኝ።

እልህ ያዘኝ። ስለ ሰፈሩ መንገድ የነዋሪዎች ስብሰባ አለ ሲባል ሰምቼ፣ ዴንቨር ውስጥ ሆቴል ከማጸዳበት ሥራ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር ልጄን ይዤ ሄድኩ። ብዙ ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም፤ እንግሊዝኛዬም አያደርስም። አንድ ሰውዬ ተነሥቶ «እዚህ ሁሉም የሚሄደው በመኪና ነው፤ የብስክሌት መንገድ ለማን ሊሆን ነው?» አለ። ልጄ በጆሮዬ ተረጎመችልኝ። እጄ በራሱ ጊዜ ተነሣ።

«ለእሷ» አልኩ በአማርኛ፣ ልጄን እያሳየሁ። «እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ይህን መንገድ የማትፈራ እናት ካለች ትነሣ። ፈርቼ ልጄን ከለከልኳት፤ መንገዱ ካልተከለለ ነገም እከለክላታለሁ።»

ልጄ ያልኩትን በእንግሊዝኛ አጠር አድርጋ ተናገረችና ልትቀመጥ ስትል ቀሚሷን ያዝኩ።

«ፈሪ ነኝ ያልኩትን ዘለልሽው።»

«ማሚ፣ ያሳፍራል!»

«አያሳፍርም። እንዳልኩት በይ።»

አለችው። ፊቷ ቀልቶ፣ ግን ጮክ ብላ አለችው። ሰውዬው ተቀመጠ። ከኋላ አንዲት ሴት አጨበጨበች።

እስካሁን መንገዱ አልተሠራም። ሌላ ስብሰባ ከተጠራም እሄዳለሁ፤ ያንኑ እደግመዋለሁ። ልጄ በባስ ትመላለሳለች፤ ታኮርፈኛለች። ታኩርፍ። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ወርውራ፣ ሰላም ሳትለኝ ክፍሏ ትግባ። ብቻ በደህና ትግባልኝ።