ሳይነገረኝ የሳቅኩባቸው ስምንት ቀናት

ኮረሪማ ሲወቀጥ ሽታው ከደረሰኝ በደሉ ይነሳብኛል። በደሉም ይህ ነው፦ ልጄ በሰው አገር ከሞተች በኋላ ስምንት ቀን ሙሉ ሳይነገረኝ ኖርኩ። ጂንካ ሁሉ ያወቀውን እናት አላወቀችም። ገበያ ወጣሁ፣ በዋጋ ተከራከርኩ፣ ሳቅኩ። ያሳቁኝ ሰዎች ያውቁ ነበር። ይህ ተጽፎ ይቀመጥልኝ።

ልጄ ኤምባሲ ውስጥ ትሠራ ነበር። ለሥራ ሲጓዙ መኪናቸው ተገለበጠ። ያን ሳምንት እኔ ቅቤ እያነጠርኩላት ነበር፤ “እኔ ወዳለሁበት የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፣ ላኪልኝ” ብላኝ ነበርና። ከቅዳሜ ገበያ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ አሽትቼ መርጬ ገዛሁ። ጎረቤቴ ኮረሪማውን ልውቀጥልሽ ብላ መጣች። ሁለት ጊዜ እንደ ወቀጠች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

“ምን ሆነሻል?”

“ኮረሪማው ነው።”

“ኮረሪማ መቼ ያስለቅሳል? ቀይ ሽንኩርት መሰለሽ እንዴ?” ብዬ ከት ብዬ ሳቅኩ። እሷም ሳቀችልኝ። ያን ሳቋን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም።

ልጄ እሑድ እሑድ ከቸርች ስመለስ ጠብቃ ትደውል ነበር። ያን እሑድ አልደወለችም። አብራኝ የምትኖረው ታናሽ እህቷ “ኔትወርክ የለም እማ” አለችኝና እንጨት ልትፈልጥ ወደ ጓሮ ወጣች። የተፈለጠ እንጨት ሞልቶ ነበር።

በእኛ ቤት ከእኔ መደበቅ ክልክል ነው። ሕጉን ያወጣሁት ሟቿ ልጄ አስር ዓመት ሲሆናት ነው። የወረዳው ሰው ጓሮዬን ሲለካ ሁለት ረድፍ እንሰት ለአንድ ነጋዴ አሳለፈብኝ። ያኔ የማውቀው አሪኛ ብቻ ነበር፤ አማርኛውን ያቃናሁት ኋላ በማታ ትምህርት ነው። ስለዚህ ልጄን አስተርጓሚ አድርጌ ቢሮው ገባሁ። ክፍሉ እርጥብ ወረቀት ይሸታል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

“‘የለካኸው በገመድ ነው በሆድህ?’ በይልኝ” አልኳት በአሪኛ።

ጉሮሮዋን ጠረገች። “ጋሼ፣ እናቴ ልኬቱን አንዴ ደግመው እንዲያዩላት ትለምናለች” አለችው።

ሰውየው ፈገግ አለ። እኔ ግን ልመና የሚለውን ቃል አውቀው ነበር። ፍየሎች የሚግጡበትን የድሮውን የአውሮፕላን ሜዳ ስናቋርጥ ጆሮዋን ያዝኩ።

“እኔ መቼ ለመንኩ?”

“አልዋሸሁም እኮ እማ፤ ውሃ ጨመርኩበት እንጂ። ቢናደድ ይለካልናል?”

“ለእሱ ጨምሪበት። ለእኔ ግን ክፉም ቢሆን እንዳለ ታመጪልኛለሽ።”

“እሺ” አለች፣ ጆሮዋን እያሻሸች፣ እየሳቀች። በሳምንቱ ሰውየው መጥቶ ለካ፤ ሁለቱም ረድፍ ተመለሱልኝ።

ልጄ ቃሏን ጠበቀች። ፈተና የወደቀች ቀን፣ እጮኛዋ ጥሏት የሄደ ቀን፣ ከማንም በፊት የነገረችው ለእኔ ነው። ቢቻላት ኖሮ የራሷንም ሞት ደውላ ትነግረኝ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ገና ሳይነጋ ፓስተሩና ሽማግሌዎች በሬን አንኳኩ። መርዶ እንዴት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ለስንቱ ሄጃለሁ። አቋቋማቸውን ሳይ ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሁሉንም ጠየቅኩ። ፓስተሩ “ወገን ሳይሰበሰብ አይነገርም፤ ደንብ ነው” አለኝ። ወንድሜ “ለልብሽ ፈርተን ነው” አለ። ደንቡንማ አውቀዋለሁ፤ አንድ ሌሊት ነው፣ ቢበዛ ሁለት። “ስምንት ያለው ማነው?” ስላቸው መሬት መሬት ያያሉ።

ዘንድሮ ታናሿ ልጄ ስኳር ድንች እየላጠች፣ እኔም እንደ ልማዴ ያንኑ እያነሳሁ ሳለ፣ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

“እማ፣ እኔ ነኝ። መጀመሪያ የተደወለው ለእኔ ነው። እግራቸው ላይ ወድቄ ዝም ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ። እህቴ ሄዳብኛለች። አንቺም ስትሰሚ አብረሻት እንደምትሄጂ አውቅ ነበር። አስከሬኗ እስኪመጣ ድረስ ስትስቂ ልይሽ ብዬ ነው።”