የፈረምኩት ስለ ቀኙ ልብ ነው

ሱዳን፣ ገዳሪፍ መግቢያ ካለው ኬላ ላይ ያሰሩኝ በደብተሬ ምክንያት ነው። የጽኑ ሕሙማን ነርስ ነኝ፤ ጦርነቱ ከካርቱም ሲያፈናቅለኝ ከሥራዬ ይዤ የወጣሁት እሱን ብቻ ነበር። ልባቸው ደክሞ ደም የሚረጭ ፓምፕ የተተከለላቸው ሕሙማን በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ሳሉ በየሰዓቱ የጻፍኩት ቁጥርና የሣልኩት ሥዕል ነው፤ ስም የለበትም። የኬላው ወታደር ገለባብጦ «የጠላት መልእክት ነው» አለ።

የታሰርኩባት ክፍል ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ ከረፋድ ጀምሮ ግድግዳው አያስነካም። አብራኝ የታሰረችው የመተማ ሴት፣ ባሱንዳ በሚባለው የእርሻ አገር ለሰሊጥ አጫጆች ወጥ ትሠራ ነበር።

በአራተኛው ቀን መርማሪው ባዶ ወረቀት ሰጠኝ። «የስለላ ምስጢር ነው ብለሽ ጻፊ፣ ፈርሚ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ትወጫለሽ።»

«ፈርመሽለት ውጪ እንጂ!» አለችኝ ሴትዮዋ። «ወረቀት ይበላሻል?»

«እትዬ፣ ሰላይ ነኝ ብዬ ከፈረምኩ ሁለተኛ በሽተኛ አጠገብ አያስቆሙኝም።»

«ታዲያ ደብተሩ ምን ይላል?»

ነገርኳት። ፓምፑ የሚያግዘው የግራውን ልብ ነው፤ ቀኙ ብቻውን ይታገላል። በራሳችን ስንተነፍስ ደረታችን ደምን ወደ ልብ ይስባል። መሣሪያው ግን አየሩን ገፍቶ ነው የሚያስገባው፤ ግፊቱ ሲበዛ ደሙ እንደሚገባው ወደ ልብ አይመለስም፣ ቀኙም ወደ ሳንባ ሲገፋ ይዝላል። ቀኙ ደም ካላቀበለ ፓምፑ ምን ይረጫል? ስለዚህ አየሩን በልክ መስጠት፣ በሽተኛውም ልክ ሲችል ቶሎ በራሱ እንዲተነፍስ ማድረግ ነው።

«ጆንያም በጉልበት ሲጠቀጥቁት ነው የሚተረተር» አለች። «በይ እሱኑ ጻፊለት!»

ጻፍኩለት። ሙሉ ጠዋቱን፣ በዐረብኛ፣ ከነሥዕሉ። ከታች ስሜንና ሙያዬን አስፍሬ ፈረምኩ።

መርማሪው አንብቦ ቀና አለ። «የጠየቅኩሽ ይህን ነው?»

«የማውቀው ይህን ነው» አልኩት። ወረቀቱን ሳይቀድ ፋይሌ ውስጥ ከተተው። እውነቱን ለመናገር፣ ወደ ክፍሌ ስመለስ ኮርቼ ነበር። ለዚያ ኩራቴ ሌላ ሁለት ወር ታሰርኩ።

ዛሬ ከሰላ ከተማ ውስጥ ነርሶች አስተምራለሁ። ደብተሩን አልመለሱልኝም፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። ገዳሪፍ ግን አንድ የእስረኛ ፋይል አለ። የከፈተው ሰው ሰላይ አያገኝበትም፤ የደከመ ልብ ያለውን ሰው እንዴት እንደሚያስተነፍሱት ይማርበታል። ፊርማው የኔ ነው።