«ነገ ይደርሳል»

ወንድሜ ደሴ፣ ሞተር ገጭቶህ ደምህ እየፈሰሰ እንኳ ትቀልድ ነበር። የአምቡላንሱ ሹፌር በስልክ «መጣን» ባለ ቁጥር፣ «ይሄም እንደኔ ልብስ ሰፊ ነው፤ ‹ነገ ይደርሳል› ማለቱ ነው» ትለኝ ነበር።

ሁለት ሰዓት ጠበቅነው። ሲደርስ እጅህ ቀዝቅዞ ነበር።

«ለወረዳው ያለው አንድ መኪና ነው፤ ሌላ ለመግዛት በጀት የለም» አሉን የጤና ቢሮው ሰዎች። ያንተም የስፌት መኪና አንድ ነበር፤ እናታችንን የሚያበላ፣ እኔን የሚያስተምር። የእሱን መቆምስ ማን አሰበው?

የጎጃም ልጆች፣ እናንተስ «መጣን» ተብላችሁ ማንን አጣችሁ?

ለቀስተኛው ከሄደ በኋላ ዛሬ የመጀመሪያው ጠዋቴ ነው። ትምህርት ቤት ቀርቼ ሱቅህን ከፈትኩ። ጀምረህ የተውከውን ዩኒፎርሜን ከመኪናው ላይ አንስቼ አጠፍኩት። አንዲት እናት መጥተው «የልጄ ሱሪስ?» አሉኝ።

«ነገ ይደርሳል» አልኳቸው።