የእማማ ጥሩዬ ዋንዛ

«እማማ፣ ያ ዛፍ እኮ ቅዳሜ ተቆርጧል።»

ይህን ያለችው የአምስት ዓመት ተማሪዬ ናት፤ ዛሬ ጠዋት፣ ቅድመ አያቷ ለክፍሉ ልጆች እያወሩ ሳለ።

ፍኖተ ሰላም አፀደ ሕፃናት ነው የማስተምረው። «ከልጃችሁ ጋር አንድ ዛፍ ምረጡ፣ ቅጠሉን ይዛችሁ ኑና ስለ ዛፉ ንገሩን» ብዬ ለወላጆች ደብዳቤ ልኬ ነበር።

አብዛኛው ወላጅ የባሕር ዛፍ ቅጠል በፌስታል አድርጎ በባጃጅ ሹፌር ላከልኝ። ሹፌሩም ቤተሰብ ነው መሰለኝ።

የልጅቷ ቅድመ አያት እማማ ጥሩዬ ብቻ ከማንኩሳ ድረስ መጡ። አባቷ የዋንዛ ቅርንጫፍ አስይዟቸዋል።

«ጣሊያን ቤታችንን ሲያቃጥል እናቴ እኔን ጨቅላዋን ታቅፋ በጋውን ከዚህ ዋንዛ ሥር ከረመች። ፍሬውን እየበላች ነው ያጠባችኝ» አሉ።

ልጅቷ የተናገረችው ይሄኔ ነው። እማማ ቅርንጫፉን አገላብጠው አዩትና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

ከሰዓት አባትየው ልጅቷን ሊወስድ ሲመጣ ዛፉን ለምን እንደቆረጠው ጠየቅሁት።

«ለበርና ለመስኮት ፈልጌው ነው። ቦታው ላይ ባሕር ዛፍ እተክላለሁ» አለኝ። ቆይቶ ደግሞ፣ ከልቡ፣ «ቅጠሉ አነሰ እንዴ፣ ቲቸር?»

ጣሊያን እንኳ ቤቱን አቃጥሎ ዛፉን ትቶት ነበር።

ደብዳቤዬን ደግሜ አነበብሁት። እውነትም «ቅጠሉን ይዛችሁ ኑ» እንጂ «ዛፉን አትቁረጡ» አላልሁም።

እናንተስ ለልጃችሁ ስለ የትኛው ዛፍ ትነግሩታላችሁ? ጻፉልኝ። ግን መጀመሪያ ሂዱና ቆሞ እንደሆነ እዩት።