አራተኛ ፎቅ የሚቆመው ሊፍት

ጋሽ ፊውዝ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሕንጻው ተከራዮች ናቸው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ቶሎ ስለሚቃጠሉም ጭምር ነው።

ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ማይክሮፕሮሰሰር የሚባለውን የኮምፒውተር ቺፕ መማር የጀመሩት ወደው አልነበረም። የሊፍቱ መቆጣጠሪያ ተበላሸ፤ መለዋወጫው ከገበያ ጠፋ። እግራቸው አልታዘዝ ያላቸው ባለቤታቸው ስድስተኛ ፎቅ ላይ ታግተው ቀሩ።

ያስተማረቻቸው የኮሌጅ መምህርት የሆነች የእህታቸው ልጅ ናት።

"ጋሼ፣ ቺፕ ያዘዙትን እንጂ ያሰቡትን አያደርግም" አለቻቸው።

"ከሚስቴ ይሻላል በያ! እሷ ያዘዝኳትንም አታደርግም።"

ቺፕ ሲያቃጥሉና ፕሮግራም ሲጽፉ፣ ሲደልዙና እንደገና ሲጽፉ ከርመው፣ በእጃቸው የሠሩት መቆጣጠሪያ ሊፍቱን አስነሳው። ሚስታቸው ወርደው ፀሐይ ሞቁ።

ብዙም ሳይቆይ ሊፍቱ አራተኛ ፎቅ ላይ መቆም አመጣ። አራተኛ ፎቅ ባዶ ነው። ተከራዩ ሲለቅ የሕንጻው ባለቤት የደረጃውን በር ቆልፎ የሊፍቱን መጥሪያ አስነቅሎታል። ሊፍቱ ግን ይቆማል። በሩ ይከፈታል፣ ጨለማው ኮሪደር ይታያል፣ በሩ ቀስ ብሎ ይዘጋል።

"ሲገባ ያየሁት ሰው የለም" አለች ከተከራዮቹ አንዷ የሆነችው ልብስ ሰፊ። "ግን ከዚያ ሲነሳ ከብዶት ነው የሚወርደው። ጋሽ ፊውዝ፣ ወይ ያስተካክሉት ወይ እናስዘጋዋለን። እኔ ልጆች አሉኝ።"

ከተዘጋ ሚስታቸው ዳግመኛ አይወርዱም።

ፕሮግራሙን መስመር በመስመር አነበቡት፤ እንከን የለውም። ከቀትር በኋላ ምድር ቤት ወርደው መቆጣጠሪያውን ከፈቱ። የተነቀለው መጥሪያ ሽቦ ከቺፑ እግር እንደተያያዘ ነው። ሌላው ጫፉ አራተኛ ፎቅ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ለእህታቸው ልጅ ደወሉ።

"እንዲህ ያለ ሽቦ ጆሮ ነው ጋሼ። ሰው እጁን ካስጠጋበት ቺፑ የተጠራ ይመስለዋል። በሬዚስተር ከኔጌቲቩ ጋር ያያይዙት፣ ይደነቁራል።"

"የሚጠጋው ሰው ከሌለስ?"

"ያኔማ ዝም ማለቱ ይበዛል። ለምን? እዚያ ማን አለ?"

ስልኩን ዘጉት። መበየጃው ብረት እስኪግል ሲጠብቁ ቦርዱ ላይ የአራተኛ ፎቅ ትንሿ መብራት በራች። ጠፋች። ቆይታ እንደገና በራች፤ አሁንም ጠፋች፤ በትዕግሥት በር እንደሚያንኳኳ ሰው። ሚስታቸው ለመውረድ ጫማቸውን አድርገው ላይ ይጠብቃሉ። ሽቦውን በየዱት። መብራቷ ከዚያ ወዲያ አልበራችም።

ስድስተኛ ፎቅ ወጥተው ሚስታቸውን ደግፈው ሊፍት ውስጥ ገቡ። አምስተኛን አለፉ፤ አራተኛንም ሳይቆሙ አለፉ።

"ጎበዝ!" አሉ ሚስታቸው። "ታዲያ ምን ያሳስብሃል? ምን ነበር የሆነው?"

"ሽቦ ነው። ከዚያ ፎቅ የሚጠራውን ይሰማ ነበር። አሁን አይሰማም።"

ሚስታቸው ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

"እና የሚጠራው?"

ሦስተኛን አለፉ።

"እኔም እኮ" አሉ ሚስታቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "መውረድ ብቻ ነበር የፈለግኩት።"