ከላይፕዚግ እስከ ድሬስደን ለአባቴ የጻፍኩት

አባቴ የሞተው በየካቲት ነው። መሞቱን እኔ ያወቅሁት በሐምሌ ነው። በመካከሉ ሚያዝያ ነበረ፤ በዚያ ወር ስምንት የዕረፍት ቀን ተሰጥቶኝ በምሥራቅ ጀርመን ከተሞች በብስክሌት ዞርኩ፤ ያየሁትንም ከየደረስኩበት ለአባቴ ጻፍኩለት።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። አባቴ ኮምቦልቻ ውስጥ ብስክሌት እያከራየና እየጠገነ ነው ያሳደገን። ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሆነች ለብስክሌት ትመቻለች። ደሴ ግን አትመችም፤ ከቤት እንደወጡ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። እኔ ደሴ ጂኦግራፊ አስተምር ስለነበር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በብስክሌት እየተጠማዘዝኩ ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ እሑድ ብስክሌቷን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ እመለሳለሁ። አባቴ ይስቅብኛል። ግማሽ ብስክሌተኛ ነህ፣ መውረድ ብቻ ነው የምታውቀው ይለኛል። እሱ ራሱ ግን ከኮምቦልቻ ርቆ ነድቶ አያውቅም። ሌላው እየነዳ ሲሄድ ቆሞ የሚያይ ሰው ነበር።

ለአሥር ወር የመምህራን ሥልጠና ወደ ላይፕዚግ እንድሄድ ስመረጥ አባቴ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ጉበቱ ነው ተባለ። ልቅር ብዬ አስቤ ነበር፤ እሱ ግን አልሰማኝም። ልሰናበተው የገባሁ ቀን ስለ ሕመሙ አንድም ቃል አልተናገረም። ሾርባው ቀጠነ ብሎ አማረረ፤ ብርድ ልብሱ አጠረ ብሎ አማረረ፤ አጠገቡ የተኛው የኩታበር ገበሬ ያንኮራፋል ብሎ ገበሬው እየሰማ አማረረ። ከዚያ እጄን ያዘና እዚያ አገር ብስክሌት ይነዱ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሴቱም ሽማግሌውም እንደሚነዳ ነገርኩት።

"እንግዲያው ከተሞቹን በሷ እያቸው" አለኝ። "በመኪና ያየ ሰው አላየም፤ ወላሂ። አይተህ ጻፍልኝ።"

አባቴ ፊደል አልቆጠረም። የምታነብለትም፣ እሱ የሚለውን የምትጽፍለትም አሥረኛ ክፍል የነበረችው ታናሽ እህቴ ናት።

ላይፕዚግ ሆኜ ደብዳቤዎቹ በወር አንድ ጊዜ ያህል ይደርሱኝ ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ሰላምታ፣ ዱዓ፣ ከዚያ የአባቴ ምሬት። ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ከገባ በኋላ እንኳ ምሬቱ አልቀነሰም። ብስክሌቶቹ ተከራይ አጥተው እንደቆሙ፣ ጎረምሳው ሁሉ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ እንዳለቀ፣ መድኃኒቱ እንደሚመረው፣ እናቴ ጨው እንደከለከለችው። እኔም ምሬቱን ሳነብ ደስ ይለኛል፤ ድምፁን እሰማበታለሁ።

ጥር ላይ ሐሳብ ገባኝ። ሥልጠናውን አቋርጬ ከመጣሁ መመለስ እንደሌለ አውቃለሁ፤ የመንግሥት ትኬት ለአንድ መመለሻ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ሁሉን ነገር በሥርዓት የማደርግ ሰው ስለሆንኩ ዝም ብዬ ከመነሣት ፈንታ ጠይቄ ጻፍኩ። አባባ ብሶበት ከሆነ ንገሩኝ፣ ሥልጠናውን ትቼ እመጣለሁ አልኩ።

መልሱ በመጋቢት መጨረሻ ደረሰኝ። አባባ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ፣ እንዳትመጣ ብሏል ይላል። በዕረፍትህ ከተሞቹን በብስክሌት እይና ለሚከተሉት መልስ ስጠኝ ብሏል ይልና አሥራ አንድ ጥያቄዎች በተራ ቁጥር ተደርድረዋል። የድንጋይ ንጣፍ ላይ ጎማው እንዴት ይሆናል? የከተማው ባቡር ሐዲድ ጎማ ይይዛል ወይ? ብስክሌተኛና እግረኛ ቢጋጩ ማን ይቅርታ ይጠይቃል? ሴቶቹ በቀሚስ እንዴት ይነዳሉ? ከዳር እስከ ዳር አንድም ምሬት አልነበረበትም።

ይህን አላየሁም አልልም። አይቼዋለሁ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ካነበብኩ በኋላ ግን ማብራሪያ አገኘሁለት፤ የሚያማርር ሰው ሲሻለው ማማረሩን ይተዋል አልኩ። ለክፍል ጓደኛዬም ይህንኑ አስረዳሁት። እሱ የጎጃም ሰው ነው፤ የሒሳብ መምህር፣ ቀልደኛ። ያን ቀን ግን አልቀለደም፤ መስኮቱን ለመዝጋት ተነሣ።

በብስክሌት እንደምሄድ ስነግረው እኔም እሄዳለሁ፣ ግን በባቡር ነው አለ። "አንተ ተንፏቀቅ። እኔ ሰው ደክሞ የዘረጋውን ሐዲድ አላሳፍርም።" በየከተማው ባቡር ጣቢያ እንዲጠብቀኝ ተስማማን። ስንፍናው ነው ብዬ ሳቅሁበት።

ከዶርሚተሪው ዘበኛ አንድ ከባድ ጥቁር ብስክሌት ተዋስኩ። የመጀመሪያውን ቀን እዚያው ላይፕዚግን ዞርኩ። ሰባት ወር በእግርና በትራም የማውቃት ከተማ በብስክሌት ሌላ ሆነችብኝ፤ ሽቅብ ቁልቁል የማላውቃቸው ጎዳናዎች የት ላይ እንደሚያዘነብሉ እግሬ ነገረኝ። ከሰዓት በኋላ የፊት ጎማዬ ሐዲዱ ውስጥ ገብቶ ጣለኝ። አንዲት የገበያ መረብ የያዘች ሴት አንሥታ አቆመችኝና እንደ ልጇ ተቆጣችኝ። ለአባቴ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ ሁለተኛው ጥያቄ ተመልሷል፤ ሐዲዱ ይይዛል፣ ማስረጃው ጉልበቴ ላይ ነው። ሐዲድ ቀጥ ብለው ሲያቋርጡት እንጂ በሰያፍ እንደማይታለፍም በሥዕል አሳየሁት።

ከዚያ ወደ ማይሰን ነዳሁ፤ መንገድ ላይ አንድ ሌሊት አደርኩ። ማይሰን ቤተ መንግሥቷ ከወንዙ በላይ ጉብታ ላይ ነው፤ የድንጋይ ዳገቷን ብስክሌቴን እየገፋሁ ወጣሁት። አባባ እዚህም ግማሽ ብስክሌተኛ ነኝ ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ ጣቢያው በር ላይ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ ይዞ ቆሞ ነበር። ከእግር እስከ ራስ አየኝና ምን እያሰብኩ እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ስለ ድንጋይ ንጣፍና ስለ ጎማ ንፋስ አስረዳሁት። ሰምቶ ሲጨርስ "ብላ" አለኝ።

ከማይሰን እስከ ድሬስደን መንገዱ የኤልበን ወንዝ ተከትሎ የሚሄድ ሜዳ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ነድቼ አላውቅም። ድሬስደን መሐል ከጦርነቱ የቀረ የአንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ነበር፤ የጠቆረ የድንጋይ ክምር ሆኖ፣ ቁጥቋጦ በቅሎበት። አንድ ሽማግሌ እዚያ ሲደርስ ከብስክሌቱ ወርዶ በእግሩ እየገፋ አለፈና ወዲያ ማዶ እንደገና ወጣ። ይህንም ጻፍኩ። እዚህ ሰዎች የፈረሰባቸውን አያነሡም አባባ፣ ዙሪያውን ይነዳሉ አልኩ።

ያን ዕለት ከጓደኛዬ ጋር ወንዙ ዳር ተቀምጠን ደብዳቤውን አነበብኩለት። መሐል ላይ ተነሥቶ ወደ ውኃው ሄደ፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። የአገር ናፍቆት ሰው ሲያርፍ እንደሚበረታ አስረዳሁት። አዎ አለ።

በሐምሌ ተመለስን። ጓደኛዬ ወደ ጎጃም መሄዱን ትቶ ወሎን ማየት እፈልጋለሁ ብሎ አብሮኝ መጣ። አውቶቡሱ ኮምቦልቻ ሲቆም አጎቴ ጠበቀን። እንድወርድ ግን አልፈቀደም፤ ራሱ ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ዛሬ እኔ ዘንድ ታድራለህ ብሎ ደሴ ሰኞ ገበያ ወደሚገኘው ቤቱ ወሰደን። ለዚህም ማብራሪያ ነበረኝ፤ አባባ እንደገና ቦሩ ሜዳ ገብቷል አልኩ።

ጠዋት ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች ገቡ። ጓደኛዬ ከኋላቸው ቆሟል። ሲደረደሩ ሳይ ማንም ሳይናገር ገባኝ።

"ልጄ" አለኝ ትልቁ፣ "አባትህ በየካቲት ወደ አኼራ ሄዷል። ሁላችንም ወደዚያው ነን። ደብቀንሃል፤ አውፍ በለን።"

በሩቅ አገር ላለ ሰው መርዶ በደብዳቤ አይነገርም። ብቻውን ሆኖ ሰምቶ የሚይዘው እንዳያጣ ነው። ይህን ሥርዓት አውቀዋለሁ፤ ለሌላ ሰው ሲደረግ እኔም አብሬ ደብቄ አውቃለሁ።

ኮምቦልቻ ስንወርድ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ። እናቴ አንገቴን ይዛ "ሁለቴ ቀበርኩት" አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ሰው ሲቀንስ እህቴን ለብቻዋ አገኘኋትና ተቆጣኋት። ማን ነው የጠየቀኝ አልኳት።

"ሰባቱ የአባባ ናቸው" አለች። "እመጣለሁ ያልክበት ደብዳቤ ሲደርስ ነበረ። ሰማው። 'ከሞትኩ እንዳትነግሩት፤ ጠይቁት። ከጠየቃችሁት ያስረዳል፤ ሲያስረዳ መጠየቅ ይረሳል' አለኝ። ሳቀ ደግሞ፣ ጋሼ። አራቱን እኔ ጨመርኩ፤ ካነሱ ትጠረጥራለህ ብዬ።"

ለጓደኛዬም የአባቴን ሞት ገልጻ የጻፈችለት እሷ ናት፤ ብቻውን እንዳትተወው ብላ። ጓደኛዬን ወደ አውቶቡሱ ስሸኘው ስለ ባቡሩ ጠየቅሁት። "ሰዓት ሙሉ እቆም ነበር" አለኝ። "አውቀኸው የምትመጣ ይመስለኝ ነበር። በደረስክ ቁጥር ስለ ጎማ ታወራለህ።"

ከሄደ በኋላ የአባቴን መቃብር እንድታሳየኝ እህቴን ለመንኳት። ክረምቱ ገብቶ ስለነበር አፈሩ ረግቷል፤ ሣር ሸፍኖታል። ሳልጠይቅ ተነሥቼ መጥቼ ቢሆን ኖሮ ጥር ላይ አገኘው ነበር፤ ይህን ከዚያ ወዲህ በየትኛውም መንገድ ላስረዳው አልቻልኩም። ዱዓ አደረግን። እህቴ እኔ አንድ ነገር እንድናገር ፈልጋ ይመስለኛል ወደ ጎን ፈቀቅ አለችልኝ። የምነግረው ግን አልነበረኝም። ከተሞቹን አንድ በአንድ ተርኬ ጨርሻቸው ነበር፤ የሰማኝ ደግሞ እሱ አልነበረም። ዝናቡ ሲጀምር ወደ ቤት ሄድን።