ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም

ይህ ከሆነ ዓመት ከመንፈቅ አልፎታል። የምኖረው ጭሮ ነው፤ የጫት መኪና በሱቄ ደጃፍ ሳያልፍ የሚውልበት ቀን ስለሌለ ልርሳው ብል እንኳ አልችልም። ሰው ክፉ ሠርቶ ቢጸጸት ያለ ነው። እኔ ግን ደግ ያደረግሁ መስሎኝ ነው የበደልኩት፤ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም ይኸው ነው።

ሙኒራ እባላለሁ። አባቴ ከስልጤ መጥቶ ጨርቅ ይሸጥባት በነበረችው ክፍል ውስጥ አሁን እኔ ስልክ እጠግናለሁ። ጎረቤቴና አብሮ አደጌ ነስሩ ደግሞ ኮምፒውተር ተምሮ የተመለሰ ልጅ ነው። ሥራ ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ ሰለቸውና አንድ ቀን ሱቄ መጥቶ፣ "ሙኒ፣ ለምን ጌም አንሠራም?" አለኝ። እኔም ከመሰላቸት ብዬ እሺ አልኩት።

ጌሙ የመኪና ውጊያ ነው። ከገለምሶ ጭሮ በሚያመጣው መንገድ ላይ መኪኖች እየተሽቀዳደሙ ይዋጋሉ። ጠመንጃና ሮኬት አላስገባንም፤ የእኛ አገር መኪና በምን እንደሚዋጋ እናውቃለን። ሚኒባሱ ከጣሪያው ላይ ጎማ እያንከባለለ ይለቃል። ባጃጁ ዘይት አፍስሶ የሚከተለውን ያንሸራትታል። የጫት መኪናው መሣሪያ ክላክሱ ነው፤ ሲያደርገው ከፊቱ ያለው ሁሉ ወደ ዳር ይበተናል። ነስሩ ኮዱን ይጽፋል፤ እኔ ሥዕሉንና ድምፁን እሠራለሁ።

ስለ መኪና የምናውቅ መስሎን ነበር እንጂ አናውቅም። ያሳወቀን የነስሩ ታላቅ ወንድም ጀማል ነው። ጀማል ከገለምሶ ጫት የሚያመጣ ሹፌር ነበር። የመጀመሪያውን ሙከራ በስልኬ ላይ ሲያየው በሳቅ ሞተ።

"አቦ፣ ይሄ መኪና የጫነው ጫት ነው ጥጥ?" አለን። "ጭነት ያለበት መኪና እንዲህ ይታጠፋል እንዴ?"

ከዚያ የሱቄን ወንበር ስቦ ተቀመጠና ባዶ ሰሃን እንደ መሪ ይዞ፣ ኩርባ ላይ ጭነቱ መኪናዋን ወዴት እንደሚጎትታት በትከሻው እየተዘነበለ አሳየን። ስልክ ሊያሠሩ የመጡ ሰዎች ሥራቸውን ትተው እሱን ያዩ ነበር። ነስሩ ለዚያች ኩርባ ሲል ኮዱን ሦስት ጊዜ አፍርሶ ሠራው።

ጀማል አንድ ነገር ብቻ ለመነን። "የኔን መኪና አታፈንዱ። ስትሸነፍ ዳር ይዛ ትቁም፤ ሹፌሩም ይውረድና ልብሱን ያራግፍ። እናቴ ታየዋለች።" እንዳለው አደረግን። በጌማችን ውስጥ ስንት መኪና ሲቃጠል፣ የጀማል ሹፌር ግን ሁልጊዜ ወርዶ ልብሱን ያራግፋል።

የጌሙን ክላክስ ከራሱ ከጀማል መኪና የቀዳሁት እኔ ነኝ። ይህን ለማያውቅ ላስረዳ። ጫት ሳይጠወልግ መድረስ ስላለበት መኪናው ይበራል። የሹፌር እናት ወይም ሚስት ደግሞ እስኪመለስ ድረስ ነፍሷ በእጇ ናት። ስለዚህ ሹፌሮቻችን ከተማ ሲገቡ ወደ ቤታቸው አቅጣጫ ክላክስ ያደርጋሉ። ሁሉም የየራሱ አደራረግ አለው፤ "በሰላም ገብቻለሁ" ማለት ነው። የጀማል ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ነበር።

የጀማልንና የነስሩን እናት ሰፈሩ ሁሉ አዮ ሀሊማ ነው የሚላቸው፤ አዮ በኦሮምኛ እናት ማለት ነው። አዮ የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ከሰገዱ በኋላ በር ላይ በርጩማ አውጥተው ይቀመጣሉ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅሙን ሲሰሙ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ይነሱና ምሳ ያቀርባሉ። የልጃቸውን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም መኪና ያውቃሉ። ገና ሳይታይ፣ "ይሄ ሸምሱ ነው፤ ይሄ ከቦኬ የመጣው ልጅ ነው" ይላሉ። እኛ ጓደኛሞቹ በዚህ እንስቅባቸው ነበር።

ጌሙ ግማሽ ሲደርስ ለሹፌሮቹ እንዲሞክሩት ሰጠናቸው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ስንት ሰው ጋ እንደደረሰ አላውቅም። ሁሉም የሚመርጠው የጀማልን መኪና ነበር። ጀማል ራሱ ግን በገዛ መኪናው ሲጫወት ይሸነፍ ነበር፤ እንዴት እንዳሾፍንበት!

አንድ ሐሙስ ቀን ጀማል ዘገየ። እኔ ሱቄ ውስጥ ነበርኩ። አዮን ከመንገዱ ማዶ በርጩማቸው ላይ አያቸዋለሁ። ዙሁር አለፈ፤ የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ አስር፣ ተቃረበ። የሸምሱ መኪና ከላይ ስትወርድ አየኋት። ሸምሱ የጀማል የልብ ጓደኛ ነው፤ አዮን በር ላይ ካያቸው በክላክሱ ሰላም ሳይላቸው አያልፍም። ያን ቀን ግን ክላክስ ሳያደርግ ቀስ ብሎ መጣና ቆመ።

አዮ ያን ጊዜ አወቁ። ሸምሱ ከመኪናው ሳይወርድ ነው የጮኹት።

ጀማል ኩርባ ላይ ተገልብጦ ነበር። የትኛው ኩርባ እንደሆነ ነስሩም እኔም አልጠየቅንም። ሰሃን ይዞ ያሳየን እንዳይሆን ፈራን።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ሴቶቹ ቤት ውስጥ ከአዮ ጋር ነበርን፤ ወንዶቹ ውጭ ድንኳን ውስጥ። ዱዓው አብቅቶ ሰው ዝም ብሏል። ድንገት ከበሩ አካባቢ ያ ድምፅ ተሰማ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

"ዱፌ!" አሉ አዮ። መጣ ማለታቸው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ደግፈን ስናነሳቸው የነበሩት ሴት ማንም ሳይይዛቸው ብድግ ብለው ወጡ። ነጠላቸው ወለሉ ላይ ቀረ። ተከትዬ ስሮጥ በሩን ይዘው ወደ መንገዱ እያዩ ቆመው ነበር። መንገዱ ላይ ምንም አልነበረም። ድንኳኑ ጥግ ግን ሸምሱ ስልኩን ይዞ ተቀምጧል። ጓደኛውን ናፍቆት ጌሙን ከፍቶ ነበር፤ ድምፁ ይህን ያህል ይወጣል ብሎ አላሰበም። ሰው ሁሉ ሲያፈጥበት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ድምፁን የቀዳሁት እኔ ነኝ። በስልክ ሁሉ የበተንኩትም እኔ ነኝ። ሁለተኛ አዮ እንዲህ እንዲደነግጡ አላደርግም ብዬ እዚያው ቆሜ ማልኩ።

በሚቀጥለው ቀን ጀመርኩ። ሹፌሮቹ ከሚያርፉበት ሄጄ አንድ በአንድ ስልካቸውን ተቀብዬ ጌሙን አጠፋሁ። ለማን እንዳስተላለፉት እየጠየቅሁ እዚያም ሄድኩ። ገለምሶ ድረስ ወጥቻለሁ። ማንም አልተከራከረኝም። ሸምሱ ብቻ እምቢ አለ።

"ይሄን ተይልኝ፣ ሙኒራ። ድምፁን ዘግቼ ነው የማየው።"

"አዮን አላየሃቸውም? ደግመህ ልትገድላቸው ነው?" አልኩት። ይህን አፌ ባልተናገረው! ስልኩን ዘረጋልኝ።

ከስልኮቹ በኋላ ጌሙን ወደሠራንበት ኮምፒውተር ዞርኩ። ዋናውን ቅጂ ከነቀዳሁት ድምፅ ተመልሶ እንዳይገኝ አድርጌ፣ ላዩ ላይ ሌላ ነገር እየጫንኩ ደመሰስኩት። የሰው የጠፋ ፎቶ ፈልጎ ማውጣት እንጀራዬ ነው፤ ስለዚህ እንዴት ቢጠፋ እንደማይገኝ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ነስሩን አልጠየቅሁትም፤ ያን ጊዜ ጌም የሚባል ነገር ሊሰማ አይፈልግም ነበር። አዮንማ መጠየቅ በሐሳቤም አልመጣ። ያን ምሽት ቀለል ብሎኝ ተኛሁ።

ከአራት ወር በኋላ ይሆናል፣ አዮ ሱቄ መጡ። ከለቅሶው ወዲህ ከቤት ሲወጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነበርና ደስ ብሎኝ ወንበር ሰጠኋቸው። ትንሿን ስልካቸውን ከጨርቅ ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

"ኢንተለ ቲያ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ያንን የጀማልን ክላክስ እዚህ ውስጥ አድርጊልኝ። ዋናው አንቺ ጋ አለ ብሎኛል ሸምሱ።"

የለም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን "እሺ አዮ፣ ነገ ይምጡ" አልኳቸው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም። ኮምፒውተሩን በማውቀው መንገድ ሁሉ በረበርኩት፤ የራሴ ሥራ ጥሩ ነበርና ምንም አላገኘሁም። ወደ ሹፌሮቹ ሮጥኩ። ምናልባት አንዱ ደብቆት እንደሆነ ብዬ ለመንኩ። ሸምሱ ሲያየኝ መሬት መሬት አየ። "አንቺ ነሽ እኮ ያጠፋሽው፣ አቦ" አለኝ። ሳይቆጣኝ ነው ያለው፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ያኔ ነው ዛሬ የማፍርበትን ያሰብኩት። የሸምሱና የጀማል መኪኖች አንድ ዓይነት ናቸው። ሸምሱን መኪናው ውስጥ አስገብቼ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም እንዲያደርግ ለመንኩት። አንገቱን ደፍቶ አደረገልኝ። ቀዳሁት። የጀማል ድምፅ ትንሽ ወፈር ይል ስለነበር እኔም አወፈርኩት፣ መጨረሻውንም አሳሳሁት። ለእኔ ጆሮ አንድ ሆነ።

በማግስቱ አዮ መጡ። ስልካቸው ላይ ጭኜ ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። "ድገሚው" አሉኝ፤ ደገምኩት። ከዚያ ዓይናቸውን ከፈቱ።

"ይሄማ ሸምሱ ነው" አሉ።

አዮ የሁሉንም መኪና እንደሚያውቁ ረስቼው አይደለም፤ እያወቅሁ ነው የሸፈጥኩት። ስንስቅበት የኖርነው ጆሯቸው ያዘኝ።

"የሱን አጥፍተሽዋል፣ አይደል?" አሉኝ ለስለስ ብለው።

"አዎ፣ አዮ። ያን ቀን ሲደነግጡ አይቼ ነው። እንዳይሰቃዩ ብዬ ነው" አልኩና ማልቀስ ጀመርኩ።

ከዚያ እጄን ያዙኝ።

"እኔ ያን ቀን አልደነገጥኩም" አሉ። "በሩ ጋ እስክደርስ ድረስ ልጄ በሰላም ገብቶ ነበር። ጀማል ከሞተ ጀምሮ ያረፍኩት ያችን ደቂቃ ብቻ ነው። ሌላ ቀንም ሲከፋኝ ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው የመጣሁት።"

ቀጥለው ያጽናኑት እኔን ነው። "የአላህ ነገር ነው፤ አንቺ ክፉ አላሰብሽም" እያሉ በገዛ ሻሻቸው ጫፍ እንባዬን ጠረጉልኝ። የሸምሱንም ድምፅ ከስልካቸው ላይ አታጥፊው አሉኝ። "እሱም ልጅ ነው፤ በሰላም ይግባ።"

አሁን ነስሩ ጌሙን እንደገና ጀምሮታል፤ እኔም አብሬው እሠራለሁ። የጀማል መኪና አለች። ክላክስ ግን የላትም፤ ሌላ ድምፅ ልንሰጣት አንዳችንም አልደፈርንም። ተጫዋቹ የክላክሱን ቁልፍ ሲነካ መኪናዋ ዝም ትላለች፤ ከፊቷ ያሉት መኪኖች ግን ድሮ እንደሚያደርጉት መንገድ ይለቁላታል። ስትሸነፍም ሹፌሩ ወርዶ ልብሱን ያራግፋል።

ሰው ሲያዝን የሚበጀውን እኔ አውቅለታለሁ ማለት ድፍረት ነው። አዮ ይቅር ብለውኛል፤ እኔ ለራሴ ይቅርታ ማድረግ አቅቶኛል። ዛሬም ከዙሁር በኋላ በርጩማቸውን አውጥተው ሲቀመጡ ከሱቄ አያቸዋለሁ። መኪኖቹ እየተከታተሉ ይገባሉ። አዮ የሸምሱን ሲሰሙ አልሐምዱሊላህ ይላሉ፤ የቦኬውን ልጅ ሲሰሙም አልሐምዱሊላህ ይላሉ። ሁሉም ከገቡ በኋላም ግን ትንሽ ይቆያሉ።